በትንሽ ጀልባ ቼሳፒክ ከመውጣታችሁ በፊት፦ ፍሌር፣ ላይፍ ጃኬትና ሌሎች ግዴታ የሆኑ ዕቃዎች

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ካለው ወገናችን መካከል ያገለገለ ጀልባ ገዝቶ፣ ከመኪናው ኋላ ጎትቶ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቼሳፒክ የባህር ወሽመጥ (ቤይ) የሚወርድ አለ። አንዱ ዓሣ ለማጥመድ ነው፣ ሌላው ልጆቹን ለማዝናናት። ይህ ጽሑፍ ለእነሱና ዘንድሮ ጀልባ ለመግዛት ለሚያስቡ ነው። ያገለገለ ጀልባ ሲገዛ ስለ ሞተሩ ብዙ ይጠየቃል። ፍሌሩ፣ ማለትም እየነደደ የአደጋ ምልክት የሚሰጠው ቱቦ፣ ቀኑ መቼ እንደሚያልፍበት፣ የእሳት ማጥፊያው የስንት ዓመት እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም።

ሕጉ ዕቃው ጀልባው ላይ እንዲኖር ያስገድዳል። እኔ አጥብቄ የምለው ግን ከዚያ ትንሽ ያልፋል። ዕቃው ቀኑ ያላለፈ፣ እጅ በቶሎ የሚደርስበትና አብሯችሁ የተሳፈረው ሁሉ አጠቃቀሙን የሚያውቀው ካልሆነ የለም ማለት ነው። በ2023 በመላ አሜሪካ በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰዎች ሞተዋል። የሞቱበት ምክንያት ከታወቀው ውስጥ 75 በመቶው የሰጠሙ ናቸው። ከሰጠሙት ደግሞ 87 በመቶው ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር።

ይህን ሁሉ የምትሠሩት ቤታችሁ ነው፣ ጀልባው ገና ተጎታቹ ላይ እያለ። የጀልባ ማውረጃው ጋ ከኋላችሁ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ የፍሌር ቀን የሚያነብ የለም።

1. ጀልባውን ለኩ፣ የምትሄዱበትን ውሃ እወቁ

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፦ በጀልባው ርዝመትና በምትሄዱበት ውሃ። ርዝመቱ በምዝገባ ወረቀቱ ላይ አለ። የምትፈልጓቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ 16 ጫማ (4.9 ሜትር ገደማ) እና 26 ጫማ (7.9 ሜትር ገደማ)። የአብዛኛው ሰው ጀልባ በእነዚህ መካከል ነው የሚውለው።

ወደ ውሃው ስንመጣ፣ የአደጋ ጊዜ ምልክት፣ ማለትም ፍሌርና መሰሎቹ፣ ግዴታ የሚሆነው በባህር ዳርቻ ውሃዎች፣ በታላላቆቹ ሐይቆችና ከእነሱ ጋር በቀጥታ በተገናኙ ሰፋፊ ውሃዎች ላይ ነው። ግዴታው የሚያበቃው ውሃው እየጠበበ ሄዶ ስፋቱ ከ2 የባህር ማይል (3.7 ኪሎ ሜትር) በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ ፖቶማክ ላይ ጆርጅታውን ፊት ለፊት ስትንሸራሸሩ ፍሌር አትጠየቁም። ያው ወንዝ ወደ ታች ሲወርድ ግን ይሰፋል፣ አፉ ላይ ሲደርስ ባህር ነው የሚመስለው። ቼሳፒክ ላይ ግን ምንም ጥያቄ የለውም፣ ግዴታ ነው። ሳንዲ ፖይንት ላይ ጀልባውን አውርዶ ወደ ቤይ ብሪጅ የሚያቀና ሰው ፍሌር ሊኖረው ይገባል።

ቼሳፒክን ትንሽ አትዩት። ወደ 200 ማይል ይረዝማል፣ በአማካይ ግን ጥልቀቱ 21 ጫማ ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲያገኘው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ትንሽ ጀልባ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ጠዋት እንደ መስታወት የነበረው ውሃ በበጋ ከሰዓት ነጎድጓድ ሲመጣበት ሌላ ነው።

2. ላይፍ ጃኬት፦ ለእያንዳንዱ ሰው፣ በልኩ

ሕጉ ቀላል ነው። ጀልባው ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው በኮስት ጋርድ (በአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃ) የጸደቀ፣ ልኩ የሆነ፣ ያልተቀደደ ላይፍ ጃኬት መኖር አለበት። ጀልባው 16 ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነ በተጨማሪ አንድ የሚወረወር ተንሳፋፊ ያስፈልጋል፣ ቀለበት ወይም አራት ማዕዘን ትራስ። ካያክና ካኑ ከሚወረወረው ነፃ ናቸው።

«በቶሎ የሚገኝ» የሚለውን ቃል ሕጉ አጥብቆ ይይዘዋል። ላይፍ ጃኬቶቹ ከነላስቲካቸው ተጠቅልለው፣ ወይም በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ፣ ከመልህቅና ከገመድ ሥር ካሉ እንደሌሉ ነው የሚቆጠሩት። የሚወረወረው ደግሞ ከዚያም በላይ ቅርብ መሆን አለበት። አንድ ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ሳትነሱ እጃችሁን ሰዳችሁ የምትይዙት ቦታ ላይ አድርጉት። ትራሱን ጀርባ ላይ እንደ ቦርሳ ማንገብ አይገባም፣ ሰውየውን በፊቱ ይደፋዋል። ደረት ላይ ታቅፎ ነው የሚያዝ።

መለያ ጽሑፉን አንብቡ። በውስጥ በኩል የተሰፋ ጨርቅ ላይ የኮስት ጋርድ ማጽደቂያ ቁጥር፣ የክብደት ልክና ለምን ዓይነት አጠቃቀም እንደሆነ ተጽፏል። ጽሑፉ ከጠፋ ጃኬቱ አበቃለት። የድሮዎቹ ላይ «ታይፕ» የሚል፣ የአዲሶቹ ላይ እንደ 70 ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ። ሁለቱም ይሠራሉ፣ ጤነኛ ከሆኑ። ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ማሰሪያዎቹን ሳብ ሳብ አድርጉ፣ ስፖንጁን ጨመቅ አድርጉ። ጨምቃችሁት ተመልሶ ካልተነሳ፣ ወይም ጨርቁ በፀሐይ ነጥቶ በጣት ሲሳብ የሚቀደድ ከሆነ ለአሻንጉሊት እንኳ አይሆንም።

አዋቂ ሰው ጭንቅላቱ ከውሃ በላይ እንዲሆን የሚያስፈልገው ተጨማሪ ተንሳፋፊነት ከ7 እስከ 12 ፓውንድ ብቻ ነው። ተራው የስፖንጅ ጃኬት 15.5 ፓውንድ ይሰጣል። ስለዚህ «እኔ ከባድ ነኝ፣ አይዘኝም» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። ወፍራም ሰው እንዲያውም በቀላሉ ይንሳፈፋል። ችግሩ የደረት ልኩ ነው። ጃኬቱ ሰፊ ከሆነ ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ይሸሽና ፊትን ይሸፍናል።

ልጆች ላይ ቆም እንበል። በሜሪላንድ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከ21 ጫማ በታች በሆነ ጀልባ ላይ ሲጓዝ ላይፍ ጃኬት መልበስ አለበት። አጠገቡ ማስቀመጥ አይበቃም። ከ4 ዓመት በታች ለሆኑት ደግሞ በእግሮች መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ፣ ጭንቅላትን የሚደግፍ ኮሌታና ከውሃ ጎትቶ ለማውጣት የሚሆን መያዣ ያለው መሆን አለበት። የልጅ ጃኬት የሚገዛው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፦ ከ30 ፓውንድ በታች የሕፃን፣ ከ30 እስከ 50 የልጅ፣ ከ50 እስከ 90 የታዳጊ። «ያድግበታል» ብሎ ሰፊ መግዛት ለትምህርት ቤት ጫማ ይሆናል፣ እዚህ ግን አይሆንም።

አለባበሱን እንዲህ ፈትኑ። ልጁን አልብሱት፣ ዚፑን ዝጉ፣ ማሰሪያዎቹን በሙሉ አጥብቁ። ከዚያ ልጁ እጆቹን ወደ ላይ ያንሳ። እናንተ የጃኬቱን ሁለት ትከሻዎች ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ጃኬቱ አገጩንና ጆሮውን ከሸፈነ ሰፍቶታል፣ ወይም አልጠበቀም። ካልተንቀሳቀሰ ልኩ ነው። ይህን ሳሎን ውስጥ አድርጉት። ልጁ እዚያው ይለምደዋል፣ ጀልባው ላይ ልቅሶ አይኖርም።

በጋዝ የሚነፋው ቀጭን ጃኬት ለሙቀት ይመቻል። ግን አብዛኞቹ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ብቻ ናቸው። ብዙዎቹም እንደ ሕጋዊ ጃኬት የሚቆጠሩት ሰውየው ከለበሳቸው ብቻ ነው። ዋና ለማይችል ሰው እኔ አልመርጠውም። ውሃው ውስጥ ደንግጦ ገመዱን መሳብ ሊረሳ ይችላል። ለእሱ ወፍራሙ የስፖንጅ ጃኬት ይሻለዋል፣ ምንም ሳያደርግ ይዞት ይቆያል። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ያደግን ብዙዎቻችን ዋና የሚማርበት ውሃ አላገኘንም፣ ይህም ነውር የለውም። ግን ጀልባው ከተነሳ እስኪቆም ድረስ አይወልቅ። የሚነፋውን ደግሞ ከወፍራም ካፖርት ሥር አትልበሱት፣ ሲነፋ ቦታ ያጣል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ነገሩ ይብስባችኋል። አየሩ ሞቆ ሰው በቲሸርት ይወጣል፣ ውሃው ግን ገና ከክረምቱ አልተላቀቀም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለወደቀ ሰው አዳኞች የሚያስተምሩት ቀላል ስሌት አለ፦ 1፣ 10፣ 1። ትንፋሽን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር ለሥራ የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ፣ ራስን ከመሳት በፊት 1 ሰዓት ገደማ። ያቺ አንድ ሰዓት የምትገኘው ግን ላይፍ ጃኬት ለለበሰ ነው።

3. ፍሌር፦ ምን ያህል፣ የትኛው

ጀልባችሁ 16 ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነ ለቀንም ለሌሊትም የሚሆን ምልክት መያዝ አለባችሁ። ከ16 ጫማ በታች ከሆነ ግዴታው የሌሊት ምልክት ብቻ ነው፣ እሱም ፀሐይ ከጠለቀች እስክትወጣ ድረስ ውሃ ላይ ከሆናችሁ። በእጅ የሚቀዘፉትም እንደዚሁ። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ 14 ጫማ ጀልባ ያለውን ሰው ቀንም ያዝ ነው የምለው። ሞተር የሚሞተው ሰዓት መርጦ አይደለም፣ ቀትር ላይ የቆመ ጀልባ ማታም እዚያው ሊሆን ይችላል።

የሚቃጠሉ ምልክቶችን ከመረጣችሁ ቁጥሩ 3 ነው፦ ሦስት ለቀን፣ ሦስት ለሌሊት። አንዳንዱ ለሁለቱም ስለሚሠራ ሦስት ብቻ ይበቃል። ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ቀይ የእጅ ፍሌር። ለቀንም ለሌሊትም ይሆናል። ሦስት ከያዛችሁ ሕጉን አሟላችሁ። የተለመደው ዓይነት 3 ደቂቃ ያህል ይነዳል።
- ወደ ሰማይ የሚተኮስ ቀይ ፍሌር። ይህም ለሁለቱም ይሆናል። ከሩቅ ይታያል፣ ግን በትንሿ ሽጉጥ የሚተኮሰው የሚበራው ለጥቂት ሰከንድ ነው። በፓራሹት የሚወርደው ረዘም ይላል፣ ዋጋውም ይወደዳል።
- ብርቱካንማ ጭስ። ለቀን ብቻ።
- ብርቱካንማ ባንዲራ፣ ጥቁር አራት ማዕዘንና ጥቁር ክብ ያለበት፣ ቢያንስ 3 ጫማ በ3 ጫማ። ለቀን ብቻ፣ አንድ ይበቃል።
- ኤስኦኤስ የሚያበራ የኤሌክትሪክ መብራት። ለሌሊት ብቻ፣ አንድ ይበቃል። ተራ የእጅ ባትሪ ይህን አይተካም።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አብረው ሲያዙ ሕጉን ያለ ምንም እሳት ያሟላሉ፣ ጊዜም አያልፍባቸውም። ልጆች ለሚያሳፍር ሰው ደስ የሚል ምርጫ ነው። ቢሆንም እኔ ብሆን እነሱን መሠረት አድርጌ ሦስት የእጅ ፍሌር እጨምራለሁ። ነፋስ የሌለበት ቀን ባንዲራው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ቀይ እሳትን ግን ማንም በሌላ አይሳሳተውም።

አንድ ማሳሰቢያ። መኪና ሲበላሽ መንገድ ላይ የሚነደው ቀይ ፍሌር በመልክ ይመሳሰላል፣ ርካሽም ነው። ለጀልባ ግን አልጸደቀም። ስትገዙ ቱቦው ላይ በ160 የሚጀምር የኮስት ጋርድ ማጽደቂያ ቁጥር ፈልጉ። የፍሌር ሽጉጡን ደግሞ አንዳንድ ግዛቶች እንደ ጦር መሣሪያ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ጀልባችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ግዛት ከመሻገራችሁ በፊት የዚያን ግዛት ሕግ አጣሩ።

4. ቀኑን አንብቡ

ፍሌሩን ከሣጥኑ አውጥታችሁ አገላብጡት። ቱቦው ላይ የተሠራበት ወር፣ ወይም የሚያልፍበት ወርና ዓመት፣ ወይም ሁለቱም ታትመዋል። ሕጉ የሚቀበለው ከተሠራበት ቀን አንስቶ 42 ወር ነው፣ ሦስት ዓመት ተኩል። የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ዓመት የተቀመጠ ፍሌር ዓመቱን በልቶታል። በኢንተርኔት ርካሽ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ማለፊያው የቀረበ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ቀኑን ጠይቁ።

ቀኑን አይታችሁ ስታበቁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ፣ ከማለፊያው ሁለት ወር ቀደም አድርጋችሁ። ካርቶኑ እርጥበት ነክቶት ያበጠ፣ ወይም ክዳኑ የላላ ፍሌር ቀኑ ባያልፍም ይቀየር። ማስቀመጫው ውሃ የማያስገባ ሣጥን ይሁን፣ ቀለሙ ደማቅ። ከቤንዚን ራቅ ይበል። ቁልፍ አይግባበት።

ያለፈባቸውን ሁለትና ሦስት ፍሌር እንደ ትርፍ መያዝ ይቻላል፣ ያላለፉት እስካሉ ድረስ። ብዙዎቹ ይነዳሉ። ግን በተለየ ላስቲክ ውስጥ «ያለፈበት» ብላችሁ ጻፉባቸው፣ በጨለማ እንዳይደባለቁ።

5. ፍሌር እንዴት ይበራል

ይህን ክፍል ለብቻችሁ አታንብቡት። አብረዋችሁ ለሚወጡት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ፍሌሩን ሳታበሩ በእጃችሁ ይዛችሁ እያሳያችሁ ብትለማመዱት ይመረጣል።

በመጀመሪያ መቼ ነው የሚበራው? ጀልባ ወይም አውሮፕላን ስታዩ ወይም ስትሰሙ ነው። ሦስት ፍሌር ያለው ሰው ሦስቱንም በድንጋጤ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ካነደደ፣ መርከቡ ሲመጣ ባዶ እጁን ነው። ጀልባ ወይም አውሮፕላን ሲታያችሁ አንዱን ፍሌር አብሩ። መልሶ ወደ እናንተ ከዞረ፣ ሁለተኛውን የት እንዳላችሁ በትክክል እንዲያገኝ አቆዩለት።

የእጅ ፍሌር አበራሩ እንዲህ ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ፊታችሁ ላይ ስሜቱን ያዙ። ከዚያ ወደ ተቃራኒው፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ዙሩ። ጀልባው ዳር ድረስ ሂዱ። የቤንዚን ጣሳ አጠገባችሁ አለመኖሩን እዩ። ከተገኘ ጓንት አድርጉ። የፍሌሩን ክዳን አውልቁ። ክዳኑ ላይ እንደ ክብሪት ሣጥን ሻካራ የሆነ መጫሪያ አለ፣ የፍሌሩ ጫፍ ላይ ደግሞ መለኮሻው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ ከራሳችሁ በሚርቅ አቅጣጫ ጫሩት። እንደያዘ ፊታችሁን አዙሩ፣ ብርሃኑን በቀጥታ አትዩ። ዓይናችሁ ለደቂቃዎች ጨለማ ማየት ያቅተዋል።

አሁን ክንዳችሁ ከጀልባው ውጭ ወደ ውሃው የተዘረጋ ይሁን። ፍሌሩን ቀጥ አድርጋችሁ አትያዙት፣ ወደ ውጭ ዘመም አድርጉት። ሲነድ የቀለጠ ፍም ያንጠባጥባል። ያ ፍም ውሃ ላይ መውደቅ አለበት። በእጃችሁ ላይ፣ በጀልባው ወለል ላይ፣ በተለይ በሚነፋ የጎማ ጀልባ ላይ ከወደቀ ሁለተኛ አደጋ ነው። በመርከብ ሕግ የተሠራው ኃይለኛው የእጅ ፍሌር 1 ደቂቃ ብቻ ይነዳል፣ ብርሃኑ ግን ከተራው እጅግ ይበልጣል። መመሪያው ቱቦው ላይ በሥዕል አለ። አበራሩ ከተራው ይለያል፣ አንዳንዱ የሚሳብ ገመድ አለው። እናንተ የገዛችሁትን ቤት ሆናችሁ አንብቡ።

የሚተኮሰውን ስትተኩሱ ደግሞ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ነፋሱ መሄጃ አዘንብሉ። ደመናው ዝቅ ብሎ ከሆነ ይበልጥ ዘመም አድርጉት፣ ደመና ውስጥ ከገባ ማንም አያየውም። ወደ ሰው ወይም ወደ ሌላ ጀልባ አይተኮስም። ሄሊኮፕተር በላያችሁ ከደረሰ መተኮስ ጨርሶ ይቁም። የዚያን ጊዜ የእጅ ፍሌር ወይም መብራት ይበቃል።

ለጨዋታ፣ ለልደት ወይም ለአዲስ ዓመት ፍሌር አይበራም። አደጋ ሳይኖር የአደጋ ምልክት ማሳየት ሕግ መጣስ ነው። አውቆ የሐሰት የአደጋ ጥሪ ያሰማ ሰው እስከ 6 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ከቅጣቱ በላይ ግን፣ ለናንተ ጨዋታ የወጣው ሄሊኮፕተር ለሌላው ላይደርስለት ይችላል።

6. የቀሩት ዕቃዎች

የእሳት ማጥፊያ። ከ26 ጫማ በታች ለሆነ ጀልባ አንድ፣ 5-ቢ የሚል ምልክት ያለው። ጀልባችሁ 2017 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ሞዴል ከሆነ የድሮው ቢ-1 ምልክት ያለውም ይፈቀዳል። ከኋላ የተንጠለጠለ ሞተር ያለው፣ ክፍት የሆነ፣ ቋሚ የነዳጅ ታንክም የተዘጋ ክፍልም የሌለው ጀልባ ከግዴታው ነፃ ነው። ነፃ ቢሆንም ያዙ። ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ተጠቅሞ የሚጣለው ዓይነት ማጥፊያ ከተሠራ 12 ዓመት ካለፈው አይቀበሉትም። ጠርሙሱን ገልብጡና ሥሩን እዩ፣ ሁለት አሃዝ ተቀርጿል። 18 ካለ 2018 ነው፣ እስከ 2030 ያገለግላል። እሳት ሲነሳ ፒኑን ንቀሉ፣ ነበልባሉን ትታችሁ የእሳቱን ሥር አነጣጥሩ፣ ጨብጡ፣ ግራና ቀኝ ጥረጉ። ትንሹ ማጥፊያ ከ10 ሰከንድ ብዙም አያልፍም፣ ስለዚህ ቀረብ ሳትሉ አትጀምሩ።

ፊሽካ ወይም ጡሩምባ። በየላይፍ ጃኬቱ ላይ አንድ አንድ ፊሽካ እሰሩ። ርካሽ ነው፣ ድምፅ ግን ከጉሮሮ ይበልጥ ይርቃል።

መብራት። ከፀሐይ መጥለቅ እስከ መውጣት፣ ጭጋግም ሲሆን። በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚታይ ነጭ። ከመውጣታችሁ በፊት አብርታችሁ እዩ፣ በጨዋማ ውሃ መሰኪያው ቶሎ ይዝጋል።

የሞተር ማቋረጫ ገመድ። ይህን ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። ከሚያዝያ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች የሆነ፣ 3 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ያለው፣ ማቋረጫው የተገጠመለት ጀልባ ነጂ በፍጥነት ሲሄድ ገመዱን ራሱ ላይ ማሰር አለበት። ነጂው ከወደቀ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። ካልታሰረ ግን ጀልባው ያለ ሰው እየዞረ በወደቀው ሰው ላይ ሊመለስበት ይችላል። እጅ ላይ ወይም ላይፍ ጃኬቱ ላይ እሰሩት። በወር አንዴ ሞተሩ እየሠራ ነቅላችሁ መጥፋቱን አረጋግጡ።

በሜሪላንድ በፈረንጅ አቆጣጠር ሐምሌ 1 ቀን 1972 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ የሞተር ጀልባ ነጂ የጀልባ ደህንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። በቨርጂኒያ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ የሚነዳ ሰው እንዲሁ። ትምህርቱ በኢንተርኔት ይወሰዳል።

7. ሬዲዮ

ለትንሽ ጀልባ ሬዲዮ ግዴታ አይደለም። ቢሆንም ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንድ ትርፍ ግዙ ብትሉኝ እሱን ነው የምለው። ስልክ የሚደርሰው አንድ ሰው ጋ ነው፣ እሱም ኔትወርክ ካለ። በቪኤችኤፍ፣ ማለትም በጀልባ ሬዲዮ፣ ቻናል 16 ላይ የጮኸ ሰው ግን ኮስት ጋርድም ይሰማዋል፣ በግማሽ ማይል ላይ ዓሣ የሚያጠምደውም ይሰማዋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ ያ ጎረቤት ነው።

የጥሪው ቅደም ተከተል ይህ ነው። «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ። የጀልባው ስም ሦስት ጊዜ። የት እንዳላችሁ፣ ከተቻለ የጂፒኤሱ ቁጥር፣ ካልሆነ «ከቤይ ብሪጅ በስተ ደቡብ ሁለት ማይል» ዓይነት። ምን እንደደረሰ። ስንት ሰው እንዳለ። የጀልባው ቀለምና ርዝመት። ከዚያ ቁልፉን ልቀቁና አዳምጡ። ይህን በእንግሊዝኛ በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ፣ በላስቲክ ለብጣችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት። ውሃ ውስጥ የሚወድቀው ነጂው ራሱ ሊሆን ይችላል። የዚያን ጊዜ ሬዲዮውን የምታነሳው እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ናት። እንግሊዝኛዋ ባይደላደልም ከተጻፈው ማንበብ ትችላለች።

አዳዲስ ሬዲዮዎች ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍ አላቸው። ክዳኑን አንስቶ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው፣ ያላችሁበትን ቦታ ራሱ ያስተላልፋል። ግን ጂፒኤስ የተገናኘለትና በኤምኤምኤስአይ ቁጥር (በሬዲዮው መለያ ቁጥር) የተመዘገበ መሆን አለበት። ምዝገባውን ሳታደርጉ ቁልፉን አትመኑት።

8. ከመነሳት በፊት አምስት ደቂቃ

ሁሉም ከተሳፈረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቆሙና አሳዩ። ላይፍ ጃኬት ሁሉም ይልበስ፣ አጠባበቁንም እያንዳንዱን በእጃችሁ እዩ። የሚወረወረው ትራስ እዚህ ነው። የፍሌር ሣጥኑ እዚህ ነው። እሳት ማጥፊያው እዚህ። ሬዲዮው በዚህ ይበራል፣ 16 ይህ ነው። ሞተሩ በዚህ ይጠፋል። ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ አንድ ሰው ሥራው እሱን በጣቱ እየጠቆመ ዓይኑን አለመንቀል ብቻ ነው። ማን እንደሆነ አሁኑኑ በስም ተናገሩ። አዛውንት ካሉ «እማማ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፣ ይህን ብረት ይያዙ» ብላችሁ መቀመጫቸውን አስቀድማችሁ ስጡ።

መሬት ላይ ለቀረ ሰው ደግሞ አጭር መልእክት ላኩ፦ የት እንደምትሄዱ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ መኪናው የት እንደቆመ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ። ሰዓቱን ስትጽፉ በአበሻ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ግልጽ አድርጉት። 12 ሰዓት ብላችሁ እኩለ ሌሊት ድረስ የሚጠብቃችሁ ሰው አይኑር።

ያለፈባቸውን ፍሌሮች ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፣ ውሃ ውስጥም አትወርውሩ። እንደ አደገኛ ቆሻሻ ነው የሚቆጠሩት። ሁሉም ካውንቲ ስለማይቀበል፣ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለካውንቲያችሁ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ወይም ለእሳት አደጋ ጣቢያ ደውሉ። በአውሮፕላንም አይሄድም፣ በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም ክልክል ነው። ባህር ዳር ወይም ሐዋሳ በጀልባ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ የስፖንጅ ላይፍ ጃኬት ውሰዱለት፣ ፍሌሩን ተዉት።

ዕቃውን አሟልታችሁ ስትጨርሱ የኮስት ጋርድ ረዳት በጎ ፈቃደኞችን ጥሩ። ኮስት ጋርድ ኦግዚሊያሪ ይባላሉ። ቤታችሁ ድረስ ወይም ወደቡ ላይ መጥተው ጀልባውን በነፃ ይፈትሹላችኋል። የጎደለ ቢያገኙ አይቀጡም፣ ለማንም አሳልፈው አይሰጡም፣ ምን መግዛት እንዳለባችሁ ጽፈው ይሰጣችኋል። ሁሉ ከተሟላ የዓመቱን ምልክት መስተዋቱ ላይ ይለጥፉላችኋል። ቀጠሮውን ከሰሞኑ ያዙ፣ በጋው ሲገባ ወረፋው ይረዝማል።